በዕለት ሥራችሁ ላይ በእርግጥ ለውጥ ያመጣው መሣሪያ የትኛው ነው?

የንብረት ክፍል (ጥያቄ አቅራቢ)

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ መካከለኛ ድርጅት የንብረትና ግምጃ ቤት ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ከእኔ ጋር ሰባት ሰዎች እንሠራለን። ሰሞኑን አለቃዬ ጠርተውኝ «ሥራችሁን የሚያቀሉ አዳዲስ መሣሪያዎች ዘርዝረህ አምጣ፣ በጀት ተይዟል» አሉኝ። ደስ ብሎኛል፣ ፈርቻለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሁላችንም ታብሌት ተገዝቶልን ነበር፤ ስክሪናቸው ላይ የተለጠፈው ፕላስቲክ እንኳ ሳይላጥ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀሩ። ታብሌቶቹ ጥሩ ነበሩ፤ ምን ልንሠራባቸው እንደሆነ አስቀድሞ የጠየቀን ግን አልነበረም።

ሥራችን እንዲህ ነው። ዕቃ ሲገባ ይቆጠራል፣ ቢን ካርድ (የየዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) ላይ ይጻፋል፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ኤክሴል ላይ ያስገባዋል፣ በወሩ መጨረሻ ሦስተኛ ሰው ሁለቱን ያመሳክራል። ከሁሉ የሚያደክመን ሲሪያል ቁጥር መገልበጥ ነው። አሥራ አራት ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት፣ በላፕቶፕ ሆድ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ የታተመ። 8 የመሰለን «ቢ» ይሆናል፣ ዜሮ ያልነው «ኦ» ሆኖ ይገኛል። ባለፈው ዓመታዊ ቆጠራ አንዲት ላፕቶፕ ጠፍታለች ተብሎ የሥራ ባልደረባችን ደብዳቤ ሊጻፍበት ደርሶ ነበር። ላፕቶፗ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። የጠፋው አንድ ፊደል ነው። ያ ሰው ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረውም።

ስለዚህ የማስታወቂያ ወሬ አልፈልግም። እናንተ በእጃችሁ የምትሠሩበት፣ የትኛውን ሥራ እንደቀነሰላችሁ በግልጽ የምትናገሩለት መሣሪያ ካለ አካፍሉኝ። ያስቸገራችሁንም ጭምር።

የሕንፃ መሐንዲስ

ወንድሜ ጥያቄህ ትክክለኛ ነው። የእኔ መልስ አንድ ነው፦ ሌዘር ሜትር።

ክፍል በተለመደው ሜትር ስትለካ ሁለት ሰው ያስፈልግሃል፤ አንዱ ጫፉን ይይዛል፣ ሌላው ያነባል። ርቀቱ ሲረዝም ሜትሩ መሐል ላይ ይረግባል፣ ጣሪያ ከሆነ መሰላል ይመጣል። ሌዘሩን ግድግዳ ላይ አስደግፈህ ስትጫን ግን ውጤቱ ወዲያው ይወጣል፤ ደህናዎቹ ስህተታቸው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በእጅ የሚያዘው ዓይነት አዲስ አይደለም፤ ላይካ ዲስቶ የተባለው የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1993 ወጥቷል። ለእኔ አዲስ የሆነው በብሉቱዝ ከስልክ ጋር መነጋገሩ ነው። ድሮ ጠዋት የለካሁትን ማስታወሻ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ማታ ቢሮ ገብቼ ወደ ፕላኑ አስገባለሁ። 3.42 የጻፍኩትን 3.47 ብዬ ያነበብኩባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። አሁን ስልኬ ላይ በሣልኩት ግድግዳ ላይ ልኬቱ በቀጥታ ይቀመጣል። የማታው ሥራ ጠፋ።

የሚያስቸግረውን ጠይቀሃልና ልንገርህ። ሌዘር ሜትር ከየት ጀምሮ እንደሚለካ ቅንብሩ (ሴቲንጉ) ይለያያል፤ ከኋላው ወይም ከፊቱ። አንድ ጊዜ ተከራይቼ ባመጣሁት መሣሪያ ሙሉ ወለል ለካሁ፤ ቅንብሩ «ከፊት» ላይ ነበር፣ እኔ ኋላውን ግድግዳ ላይ እያስደገፍኩ። ሁሉም ክፍል በመሣሪያው ቁመት ልክ፣ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ አጥሮ ወጣ። ያዳነኝ የኮሪደሩን ርዝመት በተራ ሜትር ለክቼ ስለነበር ድምሩ አልገጥም ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀን ስጀምር መጀመሪያ የማውቀውን አንድ በር እለካለሁ። ከቤት ውጭ ፀሐይ ላይ ደግሞ ቀይዋ ነጥብ አትታይም፤ ካሜራ ያለው ዓይነት ካልሆነ ሩቅ አትለካ።

ስልኮች ላይ ስላለው ሊዳር (በብርሃን ርቀት የሚለካው ክፍል) የሚጠይቅ ይኖራል። ለፈጣን ንድፍ ጥሩ ነው፤ አምስት ሜትር ያህል ድረስ ያያል። በሴንቲ ሜትር ደረጃ ስለሚሳሳት ግን በር ወይም መስኮት አላዝበትም።

ሂሳብ ሠራተኛዋ

የእኔ መልስ ለጆሮ ተራ ነገር ይመስላል፦ ሁለተኛ ስክሪን።

ደረሰኙ በግራ፣ መዝገቡ በቀኝ። አንድ ስክሪን ብቻ በነበረኝ ጊዜ ደረሰኙን ከፍቼ ቁጥሩን በልቤ ይዤ ወደ መዝገቡ እሻገራለሁ። ቁጥሩ በአእምሮ ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ስልክ ከጮኸ 5,490 የነበረው 5,940 ሆኖ ይጻፋል። ሂሳብ ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፦ ሚዛኑ ሲዛባ ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሁለት አኃዝ ቦታ መለዋወጣቸው ነው። 5,940 ሲቀነስ 5,490 እኩል ይሆናል 450፤ ለ9 ሲካፈል 50። ይህን ዘዴ ያስተማሩኝ በወረቀት መዝገብ ያደጉ አለቃዬ ነበሩ። ሁለተኛው ስክሪን ከመጣ ወዲህ በወር መዝጊያ ልዩነት እያሳደድኩ ያመሸሁባቸው ቀኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህ ያሳስበኛል። ከክፍያ ማሽን የሚወጡ ደረሰኞች በሙቀት የሚታተሙ ናቸው። ቀለም የላቸውም፤ ወረቀቱ ራሱ ሲሞቅ የሚጠቁር ነው። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይጠቁራል፣ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ከቆየ ይደበዝዛል። ኦዲተር ሲመጣ ነጭ ወረቀት ይዞ መቆም ምን ያህል እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል። ስለዚህ ደረሰኝ በደረሰኝ ቀን በስልክ ስካን ይደረግ። ተራ ፎቶ ሳይሆን የስካን መተግበሪያ ተጠቀሙ፤ ጠርዙን ያቀናል፣ ጥላውን ያነሳል፣ ጽሑፉንም በኋላ ፈልጎ ለማግኘት ያመቻል። በጠረጴዛ ስካነር ከሆነ ጽሑፍ እንዲነበብ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ፋይሉን ማሳበጥ ነው።

አዲስ ተቀጣሪ

እህቴ፣ ሁለት ስክሪን ይሻላል ወይስ አንድ ሰፊ?

ሂሳብ ሠራተኛዋ

ለእኔ ሁለት። አንዱን ለገጽ ሥራ በቁመቱ አዙሬ እጠቀምበታለሁ። ከመጠኑ ይልቅ ከፍታውን አስተካክይ፤ የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንሽ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ ይሁን። እኔ ይህን ችላ ብዬ አንገቴን ለወራት አሞኛል።

የኔትወርክ ባለሙያ

እዚህ ላይ ጣልቃ ልግባ፤ ሁለተኛ ስክሪን ሲገዛ የሚያጣላው ስክሪኑ ሳይሆን ገመዱ ነው። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሰው «ስክሪኑ ተበላሽቷል» ብሎ ይጠራኛል፤ ሄጄ ገመድ ቀይሬ እመለሳለሁ።

ዩኤስቢ ሲ የሚባለው ሞላላ መሰኪያ እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ሲሆን ሐሳቡ ግሩም ነበር፦ በአንድ ገመድ ላፕቶፑ ይሞላል፣ ምስል ወደ ስክሪን ይልካል፣ ፋይል ያስተላልፋል። ችግሩ መሰኪያው አንድ ዓይነት ሆኖ ውስጡ መለያየቱ ነው። ከስልክ ጋር የሚመጣው ገመድ ብዙ ጊዜ ፋይል የሚያስተላልፈው በሰከንድ 480 ሜጋ ቢት ብቻ ነው፤ ያ የዩኤስቢ 2 ፍጥነት ነው፤ ምስል ወደ ስክሪን ጨርሶ አይወስድም። ኃይልም እንደዚሁ፦ ተራው ገመድ እስከ 60 ዋት ይሸከማል። ከዚያ በላይ ለማለፍ ገመዱ ውስጥ ማንነቱን የሚናገር ትንሽ ቺፕ መኖር አለበት፤ በእሱ 100 ዋት ይደረሳል፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ደንብ ደግሞ እስከ 240 ዋት ይፈቅዳል። ስለዚህ የምትገዙት ላፕቶፕ ስንት ዋት እንደሚፈልግ ቻርጀሩ ላይ አንብቡ፣ ገመዱንም በዚያ ልክ ግዙ።

በእኛ ቢሮ ያደረግነው ቀላል ነው። ለስክሪን የሚሠራውን ገመድ ሁሉ ጫፉ ላይ ቢጫ ቴፕ ጠቀለልንበት። ለኃይል ብቻ የሆነው ባዶ ነው። ጥሪው ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀነሰ።

ፓወር ባንክ ለሚያስቡ ደግሞ ሒሳቡን እወቁ። 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት የሚለካው በውስጡ ባለው ባትሪ 3.7 ቮልት ነው፤ ስለዚህ 74 ዋት ሰዓት። ሲሸጋገር የሚባክነውን ስታወጡ አንድ ተራ ላፕቶፕ አንድ ጊዜ ቢሞላ ነው። ከዚህ በጣም የሚተልቅ አትግዙ፤ ለሥራ የሚጓዝ ሰው ካላችሁ አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚቀበሉት እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፣ እሱንም በእጅ ሻንጣ ብቻ።

ነርስ፣ የሌሊት ተረኛ

ውይይታችሁ መልካም ነው፤ እኔ ከሌላ ሙያ ላምጣ። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው በዚህ ሥራ።

ጣት ላይ የምትሰካዋ የኦክስጅን መለኪያ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ሁለት ብርሃን ታሳልፋለች፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ። ኦክስጅን የያዘ ደምና ያልያዘ ደም ሁለቱን ብርሃኖች በተለያየ መጠን ስለሚያስቀሩ ከልዩነቱ ታሰላለች። የአሠራሩን መሠረት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያገኙት ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ ናቸው። ከእሷ በፊት ይህን ቁጥር ለማወቅ ከደም ሥር ደም ቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ያስፈልግ ነበር።

ለሥራዬ ለውጡ ሁለት ጊዜ መጣ። መጀመሪያ መሣሪያዋ መጣች። ሁለተኛው የመጣው በቅርቡ ነው፦ ሙቀት፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ኦክስጅን፣ ሁሉም ከመለኪያው በቀጥታ ወደ ታካሚው ፋይል ይገባል። ድሮ በአልጋው አጠገብ ቁጥሩን መዳፌ ላይ በብዕር የምጽፍበት ጊዜ ነበር፤ አምስት ታካሚ አዳርሼ ስመለስ የማን የማን እንደሆነ መለየት አለብኝ። ይህን ስጽፍ አሁንም ይቀፈኛል። ዛሬ የታካሚውን የእጅ ማሰሪያ ስካን አደርጋለሁ፣ እለካለሁ፣ ያበቃል።

ነገር ግን ልጆቼ፣ ቁጥሩን ስታዩ ሰውየውን አትርሱ። ጥፍር ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ቀለም ካለ ትሳሳታለች። እጅ ከቀዘቀዘ ትሳሳታለች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የቆዳ ቀለም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ መሣሪያዋ ደህና ነው እያለች በእርግጥ ግን ኦክስጅናቸው የወረደ ሕመምተኞች ከነጮቹ ይልቅ በጥቁሮቹ ዘንድ ሦስት እጥፍ ያህል ሆነው ተገኝተዋል። እኔ ወጣት ነርሶችን የማስተምራቸው ይህን ነው፦ 95 ቢልሽም የሚያቃስት ሰው ያቃስታል። ከንፈሩን እዪ፣ የአተነፋፈሱን ፍጥነት ሰዓት ይዘሽ ቁጠሪ።

የንብረት ክፍል

እርስዎ የጻፉት ልቤን ነክቶታል፤ ስለ ጊዜዎ አመሰግናለሁ። «መዳፌ ላይ በብዕር» ያሉት የእኛም ታሪክ ነው።

የኤሌክትሪክ ጥገና

ቴርማል ካሜራ፣ ሙቀትን በምስል የሚያሳየው። ስልክ ላይ የሚሰካውን ትንሹን እንኳ ብትይዙ የጥገና ሥራ መልኩ ይለወጣል። የላላ ብሎን ይሞቃል፤ የሚሞቀው ደግሞ ከመቃጠሉ ከሳምንታት በፊት ነው። ድሮ ፓነል ከፍተን ሃያ ሠላሳ ብሎን አንድ በአንድ እናጠብቅ ነበር፣ ለዚያም ኃይል ማቋረጥ። አሁን ኃይሉ እንዳለ፣ ከርቀት፣ ትክክለኛውን መከላከያ ለብሼ አያለሁ፤ የሚያበራው አንዱ ብቻ ነው፣ ኃይል አቋርጬ እሱን ብቻ አጠብቃለሁ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የሚያብረቀርቅ ብረት ይዋሻል። ባስባር (ፓነል ውስጥ ኃይል የሚያከፋፍለው ጠፍጣፋ ብረት) እንደ መስታወት ነውና ካሜራው የሚያነበው የብረቱን ሙቀት ሳይሆን የአካባቢውን፣ አንዳንዴም የቆመውን ሰው ሙቀት ነው። መጀመሪያ በሠራሁበት ሰሞን አንድ ባስባር 31 ዲግሪ አሳየኝና አልፌው ሄድኩ። በማግስቱ ኃይል ተቋርጦ ሳለ ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ ቁራጭ ለጠፍኩበትና ኃይሉ ሲመለስ ቴፑ ላይ አነበብኩ፤ 78 ነበር። ከዚያ ወዲህ የምከታተላቸው ባስባሮች ሁሉ ላይ ቴፕ አለ። ሁለተኛ፣ ጭነት በሌለበት ሰዓት አትለኩ። ሙቀቱ ከአምፔሩ ካሬ ጋር ስለሚሄድ አምፔሩ በግማሽ ሲቀንስ የሚፈጠረው ሙቀት ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ እሑድ ጠዋት ደህና የሚመስለው ሰኞ ከሰዓት ሌላ ነው።

አርታኢዋ

እኔ ትንሽ ልቃወም፣ በአክብሮት።

ባለፉት ሦስት ዓመታት ብዙ ነገር ሞክሬያለሁ። ስማርት ሰዓት ገዛሁ፤ እጄ ላይ በተንቀጠቀጠ ቁጥር የማነበው አንቀጽ ይቆረጣል። ወደ አንቀጹ ለመመለስ የሚወስደው ጊዜ ሰዓቱ ቆጠበልኝ ከተባለው በለጠ። መልእክት አጠፋሁበት፤ አሁን ሰዓት ብቻ ነው፣ ደስተኛ ነኝ። የቀረልኝ ሁለት መሣሪያ ነው። አንዱ ድምፅ የሚያጠፋ የጆሮ ማዳመጫ፤ የአየር ማቀዝቀዣና የጄኔሬተር ጉርምርምታ ጠራርጎ ያጠፋል፣ የሰው ወሬ ግን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም፣ ምክንያቱም በደንብ የሚሠራው በማያቋርጥ ወፍራም ድምፅ ላይ ነው። ይህን አውቃችሁ ግዙ። ሌላው በኤሌክትሮኒክ ቀለም የሚሠራ ማንበቢያ፤ ስክሪኑ የራሱ ብርሃን ሳይሆን የክፍሉን ብርሃን መልሶ ስለሚያሳይ ሁለት መቶ ገጽ ረቂቅ ሳነብ ዓይኔ አይቃጠልም። ገጽ ሲገለጥ ካልሆነ ኃይል ስለማይወስድ ቻርጀሩን ለሳምንታት እረሳዋለሁ። በብዕሩ ጠርዙ ላይ እርማት እጽፋለሁ፣ ፋይሉ ለደራሲው በዚያው ይሄዳል።

አሁን ወደ ተቃውሞዬ። ሁሉም ሰው የስብሰባ ድምፅ ቀድቶ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር መሣሪያ እያወደሰ ነው። እኔም እጠቀምበታለሁ፤ የአንድ ሰዓት ቀረጻ በጥቂት ደቂቃ ጽሑፍ ይሆናል። ግን የሚሳሳተው እንደ ሰው አይደለም። ሰው ያልሰማውን ነጥብ ነጥብ አድርጎ ይተወዋል፤ ማሽኑ ያልሰማውን በሚያምር ዓረፍተ ነገር ይሞላዋል። ዝምታ ባለበት ቦታ ማንም ያልተናገረው ቃል ገብቶ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። በአንድ ቃለ ጉባኤ ላይ «አልተስማማንም» የሚለው «ተስማማን» ሆኖ ወጣ፤ የጠፉት «አል» እና መጨረሻ ላይ ያለችው «ም» ብቻ ናቸው፣ የወጣው ውሳኔ ግን ተቃራኒ ነበር። ስለዚህ ቁጥር፣ ስም፣ «አይ» እና «አል» ባለበት ቦታ ሁሉ ቀረጻውን መልሼ አዳምጣለሁ። ሰዎቹም እየተቀዱ መሆኑን አስቀድመው ይነገራቸው፤ ይህ የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው፣ በብዙ ቦታም የሕግ።

የሕንፃ መሐንዲስ

ስለ «አል» ያልሽው እውነት ነው። የሳይት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ አንድ «አይ» ስንት ኩብ ኮንክሪት እንደሚያስፈርስ አይቻለሁ።

የንብረት ክፍል

ሁላችሁንም እያነበብኩ አንድ ነገር ደጋግሞ ታየኝ። መሐንዲሱ የማታ ሥራው ጠፋ አሉ። ነርሷ መዳፋቸው ላይ መጻፍ ቀረ አሉ። ሂሳብ ሠራተኛዋ በልብ ይዞ መሻገር ቀረ አለች። ሁሉም ያንኑ ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ የሚጽፉበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ዝርዝር ከማውጣቴ በፊት ክፍሌ ውስጥ ለሦስት ቀን አንድ ነገር ሞከርኩ። እያንዳንዱ ሠራተኛ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አስቀመጠ፤ ከአንድ ወረቀት ወደ ሌላ ወይም ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ያለውን ነገር እንዳለ ሲገለብጥ በየሩብ ሰዓቱ አንድ ጭረት ያደርጋል። ለቁጥጥር እንዳልሆነ፣ ስማቸውን እንዳይጽፉም ነገርኳቸው። ወረቀቶቹን ስሰበስብ ወገቤን ይዤ ቆምኩ። ከሥራ ሰዓታችን አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው ግልበጣ ነው። ቆጠራው ራሱ ከዚያ ያንሳል። ዓመቱን ሙሉ «ሰው አነሰን» እያልኩ ስጠይቅ ነበር።

አሁን ሐሳቤ ወደ ባርኮድ ሄዷል። በዚህ የሠራችሁ ካላችሁ ከየት ልጀምር?

የመጋዘን ሥርዓት

በዚህ ሙያ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ የሚያስገርምህ ነገር፦ ተራ ባርኮድ ስካነር ለኮምፒውተሩ ኪቦርድ ነው። ሌላ ፕሮግራም አያስፈልገውም። ኤክሴል ከፍተህ አንድ ሳጥን ላይ ቆመህ ብታነብበት፣ ያን አሥራ አራት ፊደል በቅጽበት ይጽፍና «ኢንተር» ይጫናል፤ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። ላፕቶፖቹ ሆድ ላይ ካለው ጽሑፍ አጠገብ የሲሪያሉ ባርኮድ ብዙ ጊዜ አብሮ ታትሟል፤ ያ ባልደረባህ እንቅልፍ ያጣበት ፊደል እዚያው መስመሮቹ ውስጥ ነበር። ዛሬውኑ በአንድ ስካነርና ባላችሁ ኤክሴል መጀመር ትችላለህ። ትልቁን ሶፍትዌር ለኋላ ተወው።

አንድ ነገር ግን ልምከርህ፤ ይህን ከመመሪያ መጽሐፍ አታገኘውም። ስካነሩ ኪቦርድ ስለሆነ ኮምፒውተሩ በዚያ ሰዓት የተቀመጠበት የኪቦርድ ቋንቋ ይነካዋል። አማርኛ መጻፊያው በርቶ ሳለ ብታነብ ቁጥሮቹ ደህና ይወጣሉ፣ የላቲን ፊደሎቹ ግን ወደ ፊደላችን ይቀየራሉ። ትርጉም የሌለው ነገር ታያለህ። አንድ መጋዘን ውስጥ ሰዎች ስካነሩን ሁለት ጊዜ ለጥገና ልከውት ነበር፤ ችግሩ ይኸው ነበር። የቆጠራ ኮምፒውተሩን ለብቻው አድርገውና አማርኛ መጻፊያው እንዳይበራ አድርግ።

ባርኮድ ወይስ ኪውአር ብለህ ታስብ ይሆናል። መስመር ባርኮዱ አሮጌ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ በአንድ የማስቲካ እሽግ ላይ ነው። ኪውአር እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓን ውስጥ ዴንሶ የተባለው ኩባንያ የሠራው ነው፤ መነሻው የመኪና መለዋወጫ መከታተል ነበር፣ ልክ እንደ አንተ ሥራ። ለቋሚ ንብረት እኔ ኪውአር እመርጣለሁ፤ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል፣ በጠንካራው የማረሚያ ደረጃ ከታተመ እስከ 30 በመቶ ያህሉ ቢጎዳም ይነበባል፣ በተራ ስልክም ይሠራል። መለያው ውስጥ ግን ቁጥሩን ብቻ አስቀምጥ። የዕቃውን ስም፣ የተጠቃሚውን ስም፣ ክፍሉን አትጨምርበት። ሰው ቦታ ሲቀይር መለያ እንደገና ማተም ይመጣብሃል።

የንብረት ክፍል

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ።

የጠየቅነው ሁለት ስካነር፣ አንድ መለያ አታሚና ለመረጃ አስገቢዋ ሁለተኛ ስክሪን ብቻ ነው። አለቃዬ «ይህ ብቻ?» አሉኝ። የጭረቶቹን ወረቀት አሳየኋቸው፤ ብዙም አልተናገሩም፣ ፈረሙ። ከበጀቱ የተረፈውን በኋላ እናያለን።

የጀመርነው በኮምፒውተር መደርደሪያው ነው። አንዷ ባልደረባዬ ስታነብ ሌላው ዕቃውን እያዞረ ያሳያታል። 212 ዕቃ ከምሳ በፊት አለቀ፤ ዱሮ ሁለት ቀን ተኩል ይወስድ ነበር። አማርኛ መጻፊያውን ገና ከጅምሩ አጠፋነው፤ ወንድሜ፣ ያን ምክር ባትሰጠኝ እኔም ስካነሩን እመልሰው ነበር። ስናመሳክር ዘጠኝ ሲሪያል ቁጥሮች በመዝገቡ ላይ የተሳሳቱ ሆነው ተገኙ። ዘጠኙም የአንድ ፊደል ስህተት ናቸው፣ ዘጠኙም ዕቃዎች በቦታቸው አሉ። ደብዳቤ ሊጻፍበት የነበረው ባልደረባችን ዝርዝሩን ጠይቆ ወሰደና አንድ በአንድ አነበበው።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ቸገረኝ። ለጄኔሬተሮቹና ለውኃ ፓምፖቹ የለጠፍነው መለያ በአሥር ቀን ውስጥ ጠቆረ፣ አንዱ ደግሞ ዘይት ነክቶት ተላጠ።

የመጋዘን ሥርዓት

ያተምክበት በሙቀት የሚጠቁረው ወረቀት ነው፤ እህታችን ስለ ደረሰኙ የነገረችህ ያው ነው። አታሚህ ሪባን (ቀለም የያዘ ጥቅል) የሚቀበል ከሆነ የሪባን ማተሚያና የፖሊስተር መለያ ተጠቀም፤ ዘይትና ሙቀት ይችላል። ለጄኔሬተሩ ግን ሞተሩ አካል ላይ አትለጥፈው። የተቀረጸ የብረት መለያ አሠራና ከመቆጣጠሪያ ሳጥኑ በር በውስጥ በኩል በሪቬት (ብረት ከብረት አጣብቆ የሚይዝ ሚስማር) ምታው።

የኤሌክትሪክ ጥገና

በሪቬት ከመምታትህ በፊት ጄኔሬተሩ ጠፍቶ የባትሪው ገመድ ተነቅሎ ይሁን፤ ከበሩ ጀርባ የሚያልፍ ሽቦ እንዳለም እይ። በስንት ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ እንደምትበሳ ካልወሰንክ የሪቬቱን ዲያሜትር ጻፍልኝ።

የንብረት ክፍል

4 ሚሊ ሜትር ነው።

የኤሌክትሪክ ጥገና

እንግዲያው በ4.1 ብሳው። መሰርሰሪያው ላይ፣ ከጫፉ በበሩ ውፍረት ልክ ርቀህ፣ ቴፕ ጠቅልልበት፣ ከዚያ አልፎ እንዳይገባ።